ያልታየ ስብራት አይጠገንም

 

የዛሬው ርዕሳችን ለጁሙዓ እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ስለ አልጀብራ ነው። ቤታቸው ሆነው ለሚማሩ ወጣቶች አልጀብራ ለምን ያን ያህል እንደሚከብድ እናያለን። ታግሳችሁ ካነበባችሁ ጥያቄው ወደ አማና እንደሚያደርሰን ታያላችሁ፣ ኢንሻአላህ።

በአሜሪካ ልጅን ቤት ውስጥ ማስተማር በ50ዎቹም ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ነው። ይህን የሚመርጡ ሙስሊም ቤተሰቦች ምክንያታቸው ይለያያል። አንዱ ልጁ ለሒፍዝ ጊዜ እንዲያገኝ ይፈልጋል። ሌላው የሶላት ወቅት እንዳይስተጓጎልበት ያስባል። ሌላውን ደግሞ የልጁ ውሎ ያሳስበዋል። አገር ቤት ያላችሁም በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የዚህን ሕይወት ጣዕም በጥቂቱ ቀምሳችሁታል።

ቤት ውስጥ ብዙው ትምህርት ደህና ይሄዳል። ንባቡ ይሄዳል፤ ታሪኩ ይሄዳል፤ ሳይንሱም አይከፋም። 13 ወይም 14 ዓመት ሲሞላ አልጀብራ ይመጣና ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ትናንት ጎበዝ የነበረው ልጅ ዛሬ ደብተሩን ዘግቶ «ሒሳብ ለእኔ አልተፈጠረም» ይላል። እናት ትጨነቃለች። እሷ አልጀብራን ከተማረች ሃያ ዓመት አልፏታል። አባት ከሥራ ደክሞ ይገባል። ልጁም ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ይቀራል።

መጀመሪያ ክብደቱ ከየት እንደመጣ እንወቅ። ምክንያቱ ያልታወቀ ነገር ያስፈራል፤ ምክንያቱ ሲታወቅ ግን ፍርሃቱ ይቀንሳል።

አንደኛው ምክንያት ትንሽዋ የእኩል ይሆናል ምልክት ናት። ከልጅነታችን ጀምሮ «3 + 4 =» ተብሎ ሲሰጠን መልሱን ከጎኑ ስንጽፍ ኖረናል። ስለዚህ ምልክቷ «መልሱ ይኸውና» የምትል ይመስለናል። አሁን ይህችን ተመልከቱ፦ 8 + 4 = __ + 5። ባዶው ቦታ ላይ 12 የሚጽፉ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ትክክለኛው ግን 7 ነው። ምልክቷ የምትለው «ሁለቱ ወገኖች ይመዛዘናሉ» ነው። ሚዛን ናት ማለት ነው። በአንዱ ወገን ያደረጋችሁትን በሌላውም ታደርጋላችሁ፤ ከአንዱ ቀንሳችሁ ሌላውን ከተዋችሁት ሚዛኑ ይዛባል። አርሕማን ሱራን የምትቀሩ ሁሉ አላህ (ሱ.ወ) ሚዛንን እንዳቆመና በሚዛን ወሰን እንዳናልፍ እንዳዘዘ ታውቃላችሁ። አልጀብራ ያንን ሥርዓት በወረቀት ላይ ይለማመዳል።

ሁለተኛው ምክንያት የማይታወቀው ነገር ነው። እስከዚያ ድረስ በሒሳብ የምንሠራው በምናውቀው ቁጥር ነበር። አልጀብራ ግን «የማታውቀውን ስም ስጠውና አብረኸው ሥራ» ይላል። ኤክስ ስንት እንደሆነ ሳናውቅ እንደምረዋለን፣ እናባዛዋለን። መልሱን ሳያዩ መንገዱን ማመን ለሰው ልጅ ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት የተደበቀ የቆየ ስብራት ነው። ይህ ዋናው ነው፤ ዛሬ ልናወራ የተነሳነውም ስለሱ ነው።

እንዲህ የሚል ጥያቄ ቀረበ እንበል፦ የአንድ ቁጥር ሲሶና የዚያው ቁጥር ሩብ ሲደመሩ 14 ይሆናሉ። ቁጥሩ ስንት ነው? ትክክለኛው መንገድ ሲሶና ሩብን መደመር ነው፤ ድምሩ ሰባት አሥራ ሁለተኛ ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩ 24 ነው። እናረጋግጥ፦ የ24 ሲሶ 8 ነው፣ ሩቡ 6 ነው፣ ድምሩ 14። አንድ ልጅ ግን ላይን ከላይ፣ ታችን ከታች ደምሮ «ሁለት ሰባተኛ» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በትክክል ይሠራና 49 ያገኛል። የመጽሐፉ መልስ 24 ነው። ልጁ ይደነግጣል፤ «አልጀብራ አልገባኝም» ይላል።

ልብ በሉ! አልጀብራው ገብቶታል። ያልገባው ከሦስትና ከአራት ዓመት በፊት የተማረው ክፍልፋይ ነው። ያኔ በግምት አልፎታል፤ ማንም አላየበትም። አሁን ክብደት ሲጫንበት የድሮው ስብራት አመመው።

ታዲያ ይህ ለምን በቤት ውስጥ ይብሳል? ክፍል ውስጥ ሠላሳ ልጅ ካለ አንዱ እጁን አውጥቶ የእናንተን ጥያቄ ይጠይቅላችኋል። እናንተ አፍራችሁ ዝም ብትሉም መልሱን ትሰማላችሁ። መምህሩም ፊታችሁን አይቶ እንዳልገባችሁ ይረዳል። ቤት ውስጥ ግን የሌላ ልጅ እጅ የለም። የሚያስተምራችሁ ቪዲዮ ፊታችሁን አያይም። እናንተ ግራ ተጋብታችሁም እሱ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ሌላ ሰው ሲሠራ ማየት ደግሞ የገባን እንዲመስለን ያደርጋል። አንድ ሰው ሲዋኝ ቁጭ ብሎ ያየ ሁሉ ዋና የሚችል ይመስለዋል፤ ውሃው ውስጥ ሲገባ ነው የሚያውቀው።

እዚህ ላይ ፈተናው ይመጣል። የመልሶቹ ገጽ ከመጽሐፉ ጀርባ አለ። ስልኩን ጥያቄው ላይ ብታነጣጥሩት ደረጃ በደረጃ ሠርቶ የሚያሳያችሁ አፕ አለ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። እናት ማታ ደብተሩን ስታይ ሃያው ጥያቄ በሙሉ ትክክል ነው። «ማሻአላህ!» ትላለች። እናንተም ፈገግ ትላላችሁ።

አሁን ጥያቄያችን ይኸውና፦ ማን ተበደለ? የማንም ገንዘብ አልተወሰደም። ከማንም ጋር ለነጥብ አልተወዳደራችሁም። ፈተና የሰጠ ትምህርት ቤት የለም። «ብጎዳ የምጎዳው እኔ ነኝ፤ የራሴን ነገር ደግሞ እንደፈለግኩ አደርጋለሁ» ማለት ይቻላልን?

መልስ ማየት በራሱ ጥፋት ነው እያልን አይደለም። ሞክሮ፣ ታግሎ፣ ከዚያ መልሱን አይቶ «የት ነው የተሳሳትኩት?» ብሎ መመለስ ጥሩ ትምህርት ነው። የተሠራ ምሳሌ ማጥናትም እንዲሁ። የምናወራው ያልገባንን የገባን አስመስለን ስለማቅረብ ነው።

በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበውን የእህል ነጋዴውን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አዩ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ፤ ጣቶቻቸው እርጥበት ነካቸው። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ወደ ላይ እንዳላደረገው ጠየቁትና፣ የሚያታልል ከእሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ።

ይህን ታሪክ ደጋግማችሁ አስቡት። ነጋዴው እህሉን አላረጠበውም፤ ዝናቡ የአላህ ነው። ማንም «እህልህ ለምን ረጠበ?» ብሎ አልወቀሰውም። የተወቀሰው እርጥቡን ከታች፣ ደረቁን ከላይ በማድረጉ ነው። አለመረዳትም እንደዚያ ዝናብ ነው። አእምሮ ሲደክም፣ ርዕሱ ሲከብድ፣ አስረጂ ሲጠፋ በሁላችንም ላይ ይዘንባል። በዚህ ማንም አያፍርም። የሚያሳፍረው እናት የምታየውን ገጽ ደረቅ አድርጎ፣ እርጥቡን ከሥሩ መቅበር ነው። የተቀበረ እርጥብ እህል ደግሞ ባለበት አይቆይም፤ ክምሩን በሙሉ ያሻግተዋል።

«ማን ተበደለ?» ላልነውም መልሱ እዚሁ አለ። በመጀመሪያ የወላጆቻችሁ እምነት ተበድሏል። እናንተን ቤት ሲያስተምሩ ገቢያቸውን፣ ጊዜያቸውን፣ አንዳንዴም የዘመድ ትችትን ከፍለዋል። የሚያዩት ደብተራችሁን ነው፤ ውሳኔያቸውም በእሱ ላይ ይቆማል። የተሳሳተ ደብተር ካሳያችኋቸው የተሳሳተ ውሳኔ ይወስናሉ። በሁለተኛ ደረጃ ወደፊት በእውቀታችሁ የሚተማመን ሰው ሁሉ ተበድሏል። ነርስ ሆናችሁ የመድኃኒት መጠን የምታሰሉለት ሕመምተኛ አለ። ነጋዴ ሆናችሁ ዘካ የምታሰሉለት ድሃ አለ። ሦስተኛ፣ ራሳችሁም የአላህ አማና ናችሁ። አእምሯችሁን እንደፈለጋችሁ የምትጥሉት የግል ዕቃ አድርጋችሁ አትዩት።

ያልገባንን እንደገባን ማስመሰል የት ድረስ እንደሚያደርስ የሚያሳይ ሌላ ሐዲስ በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። አንድ ሰው በጉዞ ላይ ሳለ ራሱ ላይ ቆሰለ። ከዚያ በእንቅልፉ ገላ መታጠብ ግዴታ ሆነበት። አብረውት የነበሩትን «ተየሙም ይፈቀድልኛልን?» ብሎ ጠየቀ። እነሱ ሳያውቁ «አይፈቀድልህም» አሉት። ታጠበና ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ በጣም ተቆጡ። ካላወቁ ለምን እንዳልጠየቁ ወቀሷቸው፤ የአለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም አስተማሩ።

እነዚያ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። «አናውቅም» ማለት ብቻ ከበዳቸው። አንድ «አላውቅም» የሰውን ነፍስ ታተርፍ ነበር። ይህ ቃል በአንድ ቀን አይለመድም። በ14 ዓመቱ በማንም ፊት «አልገባኝም» ማለት ያልለመደ ሰው በ40 ዓመቱ በሕመምተኛ ፊት ወይም በሸሪዓ ጥያቄ ፊት በድንገት አይለምደውም። የሚለመደው ዛሬ፣ ምንም ጉዳት በማያስከትለው የኤክስ ጥያቄ ላይ ነው። አልጀብራ ለአንዳንዶቻችሁ በኋለኛው ዘመን ለሥራ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ይህን ሐቀኝነት መለማመጃ መሆኑ ግን ለሁላችሁም ያስፈልጋችኋል።

አሁን ደግሞ ስለ ስሙ እናውራ። «አልጀብራ» የሚለው ቃል ዓረብኛ ነው፤ የመጣውም ከአንድ ሙስሊም ዓሊም መጽሐፍ ርዕስ ነው። ሙሐመድ ኢብኑ ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ በባግዳድ፣ በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን፣ በ820 አካባቢ ስለ «አል-ጀብርና አል-ሙቃበላ» ስሌት መጽሐፍ ጻፈ። ዛሬ «አልጎሪዝም» የምንለው ቃል የመጣውም ከእሱ ስም ነው። መጽሐፉ ውስጥ ኤክስም ሆነ የመደመር ምልክት አልነበረም፤ ሁሉም ነገር በቃላት ተጽፏል። የማይታወቀውን ነገር «ሸይእ» ይለው ነበር፤ «ነገር» ማለት ነው። አላወቀውም፤ ግን አልደበቀውም። ስም ሰጥቶ በሰው ሁሉ ፊት አስቀመጠውና አብሮት ሠራ።

«ጀብር» ምን ማለት ነው? የጎደለን መሙላት፣ የተሰበረን መጠገን ነው። የተሰበረ አጥንት ሲጠገንም «ጀብር» ይባላል። የቃሉ አሻራ በስፔንም ቀርቶ ነበር፤ እዚያ ድሮ «አልጀብሪስታ» ሲባል አጥንት የሚጠግን ሰው ማለት ነበር። በእኛ አገር ቋንቋ ወጌሻ ማለት ነው! በዓረብኛ ክፍልፋይ «ከስር» ይባላል፤ ስብራት እንደማለት ነው። የከስር መድኃኒቱ ጀብር ነው። በሁለት ሱጁዶች መካከል ተቀምጠን በምናደርገው ዱዓ ውስጥ «ወጅቡርኒ» ስንል አላህን «ስብራቴን ጠግንልኝ» እያልን ነው። ቃሉ ያው የአልጀብራ ቃል ነው። ስንቶቻችን በቀን ስንት ጊዜ እንለዋለን!

ወጌሻ ቤት የሄደ ሰው ሁለት ነገር ያውቃል። አንደኛው፣ ስብራቱን ካላሳየ አይድንም። ጨርቅ ሸፍኖ «ደህና ነኝ» ካለ አጥንቱ እንደተጣመመ ይገጥማል፤ በኋላ ለማቃናት እንደገና መሰበር ሊኖርበት ይችላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚሉት ወላጆቻችን ይህን አይተው ነው። ሁለተኛው፣ ወጌሻው ሲያሸው ያማል። ያ ሕመም ግን ሲሰበር ከተሰማው ሕመም ይለያል፤ ይኼኛው ወደ መዳን የሚወስድ ነው። ከአልጀብራ ጋር ስትታገሉ የሚሰማችሁ ድካም ብዙውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው ሕመም ነው። ጭንቅላታችሁ ደካማ ነው የሚል ፍርድ አድርጋችሁ አትውሰዱት። አጥንቱ ቦታውን እየያዘ ነው።

አል-ኸዋሪዝሚ መጽሐፉን ለጨዋታ አልጻፈውም። ሰዎች በውርስ፣ በኑዛዜ፣ በንግድ፣ በመሬት ልኬት እንዲጠቀሙበት አስቦ ነው፤ ትልቁ ክፍል የውርስና የኑዛዜ ጥያቄዎች ናቸው። አንድ ቀላል ምሳሌ እንውሰድ። ወላጆቿ ቀደም ብለው የሞቱ አንዲት ሴት ባሏን፣ አንድ ወንድ ልጅና አንዲት ሴት ልጅ ትታ አረፈች። ዕዳዋና ኑዛዜዋ ከተፈጸመ በኋላ 240,000 ብር ቀረ። ልጆች ስላሏት ባል ሩቡን ይወርሳል፤ 60,000 ብር ነው። የቀረው 180,000 ለሁለቱ ልጆች ነው፤ ወንዱ የሴቷን እጥፍ ይወስዳል። የሴቷን ድርሻ «ሸይእ» እንበለው። የወንዱ ሁለት ሸይእ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሦስት ሸይእ፣ እሱም 180,000 ነው። አንዱ ሸይእ 60,000 ሆነ። ልጅቷ 60,000፣ ልጁ 120,000 ይወስዳሉ። ሲደመር 240,000፤ ሚዛኑ ሞላ።

አሁን በዚህ ስሌት ውስጥ ሩብ ምን እንደሆነ በደንብ ያልገባው፣ ግን የገባው ያስመሰለ ሰው ቢቀመጥ ምን ይሆናል? የአንዲት ወራሽ ሐቅ ይበላል። አላህ ድርሻውን ራሱ በቁርኣን ወስኖታል፤ የእኛ ሥራ ሳናዛባ ማድረስ ነው። ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ» በተባለው መጽሐፋቸው ሒሳብን ከፈርዱል ኪፋያ ዕውቀቶች መካከል የቆጠሩት ለዚህ ነው፤ ለንግድ፣ ለኑዛዜና ለውርስ የግድ ስለሚያስፈልግ። ሁሉም ሰው የሒሳብ ሊቅ መሆን የለበትም። ነገር ግን ኡማው ውስጥ የሚያውቅ ከጠፋ ሁሉም ይጠየቅበታል።

«ሒሳብ ለእኔ አልተፈጠረም» ወደሚለው እንመለስ። ከመካከላችሁ ሒፍዝ ላይ ያላችሁ አላችሁ። አንዲት ገጽ ለመያዝ ስንት ጊዜ ትደጋግማላችሁ? አንዳንዷ ገጽ ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ ተደጋግማም ትጠፋለች። ተመሳሳይ አንቀጾች ይምታቱባችኋል። ግን ከእናንተ ማን ነው «ቁርኣን ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ሙስሐፉን የዘጋ? አስተግፊሩላህ ትላላችሁ! ወደ ኡስታዙ ትሄዳላችሁ፤ ታሰማላችሁ፤ ስህተታችሁን ያርማል፤ ተመልሳችሁ ትደግማላችሁ። ስህተቱ ሲታረም እንደ ውርደት አትቆጥሩትም፤ ለዚያ ነው የሄዳችሁት። ያው ልጅ ሦስት የአልጀብራ ጥያቄ ሲሳሳት ግን በራሱ ላይ ይፈርዳል።

ቁርኣንን እየተንተባተበ፣ እየከበደው ለሚቀራ ሰው ሁለት ምንዳ እንዳለው በዓኢሻ (ረ.ዐ) በኩል የተላለፈውን ሐዲስ ታውቃላችሁ። ሐዲሱ ስለ ቁርኣን ነው፤ አልጀብራን ከቁርኣን ጋር አናስተካክልም፣ ማዓዘላህ። ግን ሐዲሱ ስለ አላህ አንድ ነገር ይነግረናል፦ አላህ ዘንድ መክበድ ጉድለት ሆኖ አይቆጠርም። ሰው የሚያየው ስንት ጥያቄ እንደመለሳችሁ ነው። አላህ ግን ስንት ጊዜ ወድቃችሁ እንደተነሳችሁ ያያል።

ታዲያ ጥያቄ እንዳንጠይቅ የሚይዘን ምንድን ነው? ታላቁ ታቢዒ ሙጃሂድ ያመላከቱን ሁለት በሮች አሉ፤ ሐያእ የሚያስረው ሰውና ኩራተኛ ሰው ዕውቀት አያገኙም። ኩራተኛው «እኔ ነኝ ይህን የምጠይቅ?» ይላል፤ በተለይ እንደ ጎበዝ የተቆጠረ ልጅ ስሙን ላለማጣት ይደብቃል። ዓይን አፋሩ ደግሞ «ይስቁብኛል» ይላል። ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገኑት ሐያእ ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነው። ሐያእ ከኢማን ነው፤ ለመማር እንቅፋት ሲሆን ግን ቦታውን ስቷል።

ቤት ለምትማሩ ሌላ ሦስተኛ በር አለባችሁ። አስተማሪያችሁ እናታችሁ ናት። ስትሳሳቱ መምህር አይደለም የሚያርማችሁ፤ እናት ናት። ስለዚህ የሒሳብ ስህተት የቤት ጠብ ይመስላል። እሷ «ትናንት አላስረዳሁሽም?» ስትል ልብ ይሰበራል፤ እናንተም ድምፃችሁ ከፍ ይላል። ተጠንቀቁ! ማንኛውም የአልጀብራ መልስ ለእናት ከሚወጣ አንድ «ኡፍ» አይበልጥም። ሲመራችሁ «እማዬ፣ ትንሽ ልረፍና እንመለስበት» በሏት፤ ውዱእ አድርጋችሁ ተመለሱ። ይህን የምታነቡ ወላጆችም ካላችሁ፣ ልጃችሁ «አልገባኝም» ሲላችሁ ቃሉን እንደ ስጦታ ተቀበሉት። እርጥቡን እህል ከላይ አድርጎ አሳያችሁ ማለት ነውና። በዚያ ቅጽበት ከተቆጣችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ከታች ይቀብረዋል። እናንተም የማታውቁት ሲሆን «እኔም ረስቼዋለሁ፤ አብረን እንፈልገው» ማለት ክብራችሁን አይቀንሰውም።

ብቻውን መማር ድሮም የታወቀ ችግር ነው። በወሎ ደረሶች ስንቃቸውን ይዘው ከሸይኽ ወደ ሸይኽ፣ ከአንዱ ሐድራ ወደ ሌላው የሚጓዙት መጽሐፍ ጠፍቶ አልነበረም። ነሕው ለመቅራት አንድ ዘንድ፣ ፊቅህ ለመቅራት ሌላ ዘንድ ይሄዱ የነበረው መጽሐፍ ስህተትን ስለማያርም ነው። ዛሬ እናንተ ቤት ሆናችሁም ይህን ማድረግ ትችላላችሁ።

ለዚህ ሳምንት ጥቂት ነገሮችን እንሞክር።

1. አንድ ወረቀት ውሰዱና ያልገባችሁን በግልጽ ጻፉ። «አልጀብራ አልገባኝም» አትበሉ፤ በጣም ሰፊ ነው። «የተለያየ ታች ያላቸውን ክፍልፋዮች መደመር አልችልም» በሉ። ስም የተሰጠው ችግር ግማሹ ተፈትቷል።

2. ወደ ኋላ መመለስን አትፈሩ። በ14 ዓመት የ5ኛ ክፍል ክፍልፋይ መከለስ ነውር የለውም። ተጅዊድ ሲስተካከል ከፊደሎች መውጫ እንደሚጀመረው ነው።

3. የሠራችሁትን ለአንድ ሰው አሰሙ። ለታናሽ እህት፣ ለአጎት፣ በስልክ ለጓደኛ። «ይህን ያደረግኩት ለምን እንደሆነ ልንገርህ» ብላችሁ ስትጀምሩ ያልገባችሁ ቦታ ራሱ ይጋለጣል። በመስጂዳችሁ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወንድም ወይም እህት ካለ በሳምንት አንድ ሰዓት ጠይቁ።

4. መልስ ስታዩ ከጎኑ ትንሽ ምልክት አድርጉ። «ይህን አይቼ ነው የሠራሁት» የምትል ምልክት ትሁን። ለማንም ሳይሆን ለራሳችሁና ለእናታችሁ። ይህች ትንሽ ነጥብ የኢሕሳን ልምምድ ናት፤ ሰው ባያይም አላህ እንደሚያይ ማወቅ።

5. ከልብ ሞክራችሁ፣ ረድኤት ጠይቃችሁ፣ አሁንም ቁጥሮች የሚምታቱባችሁ ከሆነ ለወላጆቻችሁ ንገሩ። ዓይን መነጽር እንደሚያስፈልገው ሁሉ አንዳንድ አእምሮም ለቁጥር የተለየ የማስተማሪያ መንገድ ያስፈልገዋል። ይህም የዝናቡ ዓይነት ነው፤ የሚያሳፍር የለበትም።

ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ሱረቱል ከህፍን ትቀራላችሁ። ወደ ሙሳ (ዐ.ሰ) ታሪክ ስትደርሱ ቆም በሉ። አላህ ያነጋገራቸው ታላቅ ነቢይ ናቸው፤ ተውራት ተሰጥቷቸዋል። ግን ከእሳቸው ዘንድ የሌለ ዕውቀት ያለው ሰው እንዳለ ሲነገራቸው ተነስተው ሩቅ ተጓዙ። «ልከተልህና ከተማርከው ታስተምረኛለህን?» በሚል አደብ ጠየቁ። መንገዱ ላይም ያልገባቸውን የገባቸው አላስመሰሉም፤ ትዕግሥት እስኪያልቅባቸው ድረስ ጠየቁ። ሙሳ (ዐ.ሰ) «አላውቅምና አስተምረኝ» ማለት ካላሳፈራቸው፣ በአንድ የአልጀብራ ጥያቄ ፊት እኛ የምናፍረው ለምንድን ነው?

ያ አላህ! ያልገባንን አሳውቀን፤ ያወቅነውን ጥቀመን፤ ዕውቀትንም ጨምርልን። ሰው በማያየን ቦታ እውነተኞች አድርገን። የምናስተምራቸውንም የሚያስተምሩንንም በራሕመትህ ሸፍናቸው። አንተ አል-ጀባር ነህና የታየውንም የተደበቀውንም ስብራታችንን ጠግንልን። አሚን።

በነቢያችን ላይ ሶለዋት ማብዛት አትርሱ። ብቻውን እየታገለ ያለ ወንድም ወይም እህት የምታውቁ ከሆነ ይህን አድርሱላቸው፤ ከዚያም በላይ ደውሉላቸው።

ጁሙዓ ሙባረክ።